በኮንትራት መኪና ወደ ለቅሶ

ኮንትራት መኪና የያዘ ሰው የመንገዱ ጌታ ነው ይባላል። ይህን ያለው ሰው በሕይወቱ ኮንትራት መኪና ይዞ አያውቅም። በአውቶቡስ ስትሄዱ የሹፌሩ አምባገነንነት ለስልሳ ሰው ይከፋፈላል፤ ለእያንዳንዳችሁ የሚደርሳችሁ ጥቂት ዘፈን፣ ጥቂት አቧራና ጥቂት ቁጣ ነው። በኮንትራት ግን እሱና እናንተ ብቻ ናችሁ፤ ያለ የሌለው ሁሉ በእናንተ ላይ ይወርዳል። መስኮቱ መቼ እንደሚከፈት፣ መቼ እንደሚርባችሁ፣ የትኛውን ተራራ ማድነቅ እንዳለባችሁ የሚወስነው እሱ ነው። ስለ አምባገነኖች ብዙ አንብቤአለሁ፤ ከጥንቶቹ ጀምሮ እስከ ዘመናችን ያሉትን። ፔርሙዝና ታጣፊ ወንበር ጭኖ የሚዞር አምባገነን ግን ያየሁት ባለፈው ጥቅምት፣ ከላሊበላ ወደ ሰቆጣ ስሄድ ነው።

ጉዳዬ ደግሞ ጉብኝት አልነበረም። ለቅሶ ነበር።

እኛ ሦስት ነን፤ ወይም ነበርን። ታላቃችን እታለም ከዋግ ወጥታ አታውቅም። መካከለኛው ሞላ ነው። የመጨረሻዋ እኔ አበቡ ነኝ፤ ለትምህርት ብዬ ወጥቼ፣ በፖለቲካ ምክንያት ሸሽቼ፣ ለእንጀራ ብዬ አቴና የቀረሁት። እዚያ አንዲት ጡረታ የወጡ መምህርት ስጦር ኖርኩ። ሴትዮዋ ቤታቸው ከወለል እስከ ጣሪያ መጽሐፍ ነበር፤ አቧራውን እያራገፍኩ አንድ በአንድ አነበብኩት። ከዚያ ሁሉ ንባብ የተረፈኝ ወፍራም መነጽርና ከእኔ በቀር ሰው ሁሉ ተሳስቷል የሚል እምነት ነው።

ሞላ የሞተው በዋግ ስልኩም መንገዱም በተዘጋበት ጊዜ ነው። እኔ የሰማሁት ወራት ቆይቶ፣ አቴና ውስጥ አውቶቡስ ስጠብቅ ነው። አላለቀስኩም። እዚያ አገር ፌርማታ ላይ ደረት አይመታም። አውቶቡሱ መጣ፤ ተሳፈርኩ።

በእኛ አገር ደግሞ ለቅሶ ጊዜው አያልፍበትም። ሩቅ የነበረ ሰው ሲመጣ፣ ሟቹ ከተቀበረ ዓመታት ቢያልፉም ድንኳኑ እንደገና ይተከላል፣ ንፍሮው ይቀቀላል፣ ጎረቤቱ ነጠላውን አዘቅዝቆ ይሰበሰባል፤ መጪው ከከተማው ጫፍ ጀምሮ እያለቀሰ ይገባና እርሙን ያወጣል። እርሙን ሳያወጣ የማንንም ቤት አይረግጥም፣ አይጫወትም፣ አይስቅም። ይህን ለመምህርቷ ስነግራቸው «ደግ ልማድ ነው፤ ግን ሰው በቀጠሮ እንዴት ያለቅሳል?» አሉኝ። በአላዋቂነታቸው አዘንኩ።

እታለም በስልክ የሰጠችኝ ትእዛዝ አጭር ነው። «ከምሳ በፊት ድረሺ። መንገድ ላይ የማንም ቤት እንዳትገቢ። እንባሽን ይዘሽ ነይ።» የመጨረሻውን እንደ ቀልድ ነበር የወሰድኩት። እሷ ግን አልቀለደችም። ሞላ ከሞተ ወዲህ ጎረቤቶቿ አንድ ወሬ ይዘውባታል፦ ያቺ ፈረንጅ አገር ያለችው እህትሽ ወንድሟን ረስታዋለች፤ ፈረንጅ ሆናለች፤ ፈረንጅ ደግሞ አያለቅስም። እታለም በየማኅበሩ «ትመጣለች፤ ስትመጣ ታያላችሁ» እያለች ስትሟገትልኝ ኖራለች። እንግዲህ በዚያ ቀን ተከሳሿ እሷ ናት፤ ብቸኛዋ ምስክር ደግሞ እኔ።

ሹፌሩ ፈንታው ይባላል። የላሊበላ ልጅ ነው፤ ድሮ ቱሪስት ሲያመላልስ የኖረ፣ ቱሪስቱ ከጠፋ ወዲህ ግን ጤፍና ሙሽራ የሚጭን ጎልማሳ። በባርኔጣዬና በባለጎማ ሻንጣዬ ከአውሮፕላን ማረፊያው ስወጣ ሲያየኝ፣ የጠፋ ዘመዱን ያገኘ ነው የመሰለው። «እንኳን ደህና መጡ ማዘር!» አለኝ። ማዘር! በሰው አገር ስኖር ብዙ ተብዬአለሁ፤ ማዘር ለመባል ግን አገሬ መግባት ነበረብኝ።

ወደ ለቅሶ እንደምሄድና ከምሳ በፊት መድረስ እንዳለብኝ ነገርኩት። አንገቱን ሰበር አድርጎ «እግዜር ያጥናዎት» አለኝ፤ ከልቡ ነው። ከዚያ ትንፋሹን ሳይቀይር፣ መንገዱ የሚያልፈው መቼም በሚያምር አገር ነው፣ እኔም ስንት ዘመን ቆይቼ ነው የመጣሁት፣ ለቅሶው እንደሆነ የትም አይሄድ፣ ታዲያ ትንሽ ትንሽ እያየን ብንሄድስ አለኝ። አይሆንም አልኩት። ራሱን በመነቅነቅ ተስማማ። የሹፌር ራስ መነቅነቅ ከመንገዱ ይሁን ከስምምነት ማወቅ እንደማይቻል ያኔ አላውቅም ነበር።

ቢልባላን አልፈን ዳገቱን እንደጨረስን መኪናውን አቆመ። ጎማ የፈነዳ መሰለኝ። ወርዶ ታጣፊ ወንበሩን ዘረጋ፣ ሻይ ቀዳ፣ ድምፁን እንደ አስጎብኚ ቀየረና «ፊት ለፊትዎ የሚያዩት የላስታ ሰንሰለታማ ተራራ ነው» አለኝ። «አንተ ፈንታው፣ እኔ እኮ የዚሁ አገር ሰው ነኝ» ስለው፣ «አውቃለሁ ማዘር፤ ግን ወንበር ላይ ተቀምጠው አይተውት ያውቃሉ?» አለኝ።

አላውቅም። በዚህ መንገድ ያለፍኩት ልጅ ሆኜ፣ ለገና ላሊበላ ስንሄድ ነው፤ በእግር፣ አባቴ ከፊት፣ ሞላ ከኋላዬ። ያኔ ተራራ የሚወጣ እንጂ የሚታይ ነገር አልነበረም። ከዚያ ሁሉ አገር ያየሁት የአባቴን ተረከዝ ብቻ ነው። ሲደክመኝ ሞላ ከኋላ «ደረስን እኮ፤ ከዚያች ጉብታ ጀርባ ነው» ይለኛል። ከጉብታዋ ጀርባ ሌላ ጉብታ አለ። «እሷን ማለቴ ነው» ይላል። ውሸቱን እያወቅኩ እግሬን አነሳ ነበር። በኋላ ዘመን ትልልቅ ሰዎች ትልልቅ ውሸት ሲነግሩኝ ሰምቻለሁ፤ ብዙዎቹ አንድ እርምጃ አላስኬዱኝም።

ወንበሩ ላይ ተቀመጥኩ። ሻዩንም ጠጣሁ። ገብሱ ከታች ቢጫ ሆኖ ነፋሱ ይተኛበታል፤ ይነሳል። ፈንታው ስልኩን አውጥቶ ፎቶ ላንሳዎት አለ። ነጠላዬን እንደ ሀዘንተኛ አዘቅዝቄው ነበር፣ ጥለቱ ወደ አንገቴ ሆኖ። «ለፎቶው ግን እንዲህ ነው የሚያምር» ብሎ ጥለቱን ወደ ታች መለሰልኝ። ልቆጣው አፌን ስከፍት «ፈገግ!» አለኝ። ፈገግ በል ሲባል ፊት ባለቤቱን አያማክርም።

ከዚያ ጥቂት እንደሄድን ከመንገዱ ዳር የተቃጠለ የጭነት መኪና ቆሟል፤ ሣር በበሩ ገብቶ በመስኮቱ ወጥቷል። «ይህስ ምንድን ነው?» አልኩት። «እሱ ጉብኝቱ ውስጥ የለም» አለኝ፤ ዘፈኑንም ዘጋው። ስለ ተራሮቹ ካወራልኝ ሁሉ ይህን ዝምታውን አከበርኩለት።

ጋዝጊብላ ስንደርስ የአስከተማ ገበያ ቆሟል። ሰው ከየሸንተረሩ በእግሩ ይጎርፋል፤ ፍየሉ፣ አሞሌ ጨው የመሰለው ነጭ ነጠላ፣ ጆንያው። ፈንታው ገበያ የግድ ነው አለ። እታለም ያለችኝ ቤት እንዳትገቢ ነው፣ ገበያ ደግሞ ቤት አይደለም አልኩና ወረድኩ። ሰው መውረድ ሲፈልግ እንዴት ያለ የሕግ ሊቅ እንደሚሆን ታያላችሁ።

አንዲት ባቄላ የዘረጋች ሴት የማን ልጅ ነሽ አለችኝ። ይህ በእኛ አገር ጥያቄ አይደለም፤ መታወቂያ አሳዪ ማለት ነው። የማን ልጅ እንደሆንኩ ብናገር ሞላን ያውቁታል፤ ሞላን ካወቁት እዚያው ባቄላው መሀል ለቅሶው ይጀመራል። ስለዚህ «ቱሪስት ነኝ» አልኳት። ቱሪስት ከማንም ጋር አይዛመድም፤ የማንም እንባ የለበትም። እንዴት የሚመች ሥራ መሰላችሁ! ሴትዮዋ ከላይ እስከ ታች አየችኝና ወደ ጎረቤቷ ዞራ በዋጉ አገውኛችን በኽምጣንጛ «የዚህች ቱሪስት ባርኔጣ የዶሮ ጎጆ መሰለኝ፤ እንቁላሉስ የታል?» አለቻት።

ሳቅ አመለጠኝ። ኽምጣንጛ ከተናገርኩ ዘመን ሆኖኛል፤ ጠፍቶብኛል ብዬ ነበር። ጆሮዬ ግን አልረሳም። ገበያው ተገለበጠ። «ሰማች! ሰማች! ቱሪስቷ ሰማች!» እያሉ እጄን ይዘው አሽከረከሩኝ። ባቄላ ሻጯ አፏን በነጠላዋ ሸፍና ስቃ ስታበቃ «አንቺ ውሸታም፣ አረብ አገር ነበርሽ?» አለችኝ። ግሪክ ነው አልኳት። ልጇ ጅዳ እንደሆነች፣ ከሰኔ ወዲህ ስልኳ እንደማይነሳ፣ ምናልባት አይቻት እንደሆነ ጠየቀችኝ። ግሪክ እኮ ሌላ አገር ነው ብላት «ያው አይደለም?» አለችኝ። ትንሽ አሰብኩና ያው ነው አልኳት። አንድ እፍኝ ባቄላ በመዳፌ ላይ አፈሰሰችልኝና «ሂጂ፤ ዘመዶችሽ ይጠብቁሻል» አለችኝ።

ከአስከተማ በኋላ ግን ጥፋቱን በፈንታው ላይ ማላከክ አልችልም። ጉብኝቱን የተረከብኩት እኔ ነኝ።

ሞላ ይህ መንገድ ሲከፈት ዶማና አካፋ ይዘው ከሠሩት አንዱ ነው። ስልክ ስንደዋወል ስለ ጤናው ከመንገሩ በፊት ስለ ኩርባው ይነግረኝ ነበር። «የእኔ ኩርባ» ነው የሚላት፤ ከጋዝጊብላ አለፍ ብሎ፣ ከላይ ሾላ፣ ከታች ገደል። «ስትመጪ በእኔ ኩርባ ነው የምታልፊው። አትፍሪ፤ በደንብ አድርጌ ነው የሠራኋት» ይለኛል። እንግዲህ ያቺን ኩርባ ሳላይ ሰቆጣ ገብቼ ምን እላለሁ? ሾላ ባየሁ ቁጥር «አቁም!» እላለሁ። ፈንታው መጀመሪያ ደስ ብሎት ነበር፤ ደንበኛው ወደ ሃይማኖቱ የገባለት መስሎት። ኋላ ላይ ግን ላብ አጠመቀው። «ማዘር፣ የዚህ አገር ኩርባ ሁሉ እኮ ሾላ አለው» ይለኛል። ምሳ ሰዓት አለፈ። እታለም ደወለች፤ ኔትወርክ አልነበረም። ወይም ነበረ። አንባቢ የፈለገውን ይመን።

በመጨረሻ አንዲት ጥምዝ ላይ ደረስን። መኪናው በአንዴ አልታጠፍ ብሎ ወደ ኋላ፣ ወደ ፊት፣ እንደገና ወደ ኋላ ወደ ገደሉ። ፈንታው ጥርሱን ነክሶ «ይህችን የቆፈረ ሰው እጁ ይቆረጥ! ሁልጊዜ እንዲህ ነው የምታሰቃየኝ» አለ። ቀና ብል ሾላ። «አቁም። እሷ ናት» አልኩት። በምን አወቁ አለኝ። እንዴት አላውቅ! ሞላ በሕይወቱ ቀጥ ያለ ነገር ሠርቶ አያውቅም። አጥሩ ሰካራም ይመስላል። የሠራልኝ በርጩማ ላይ የተቀመጠ ሁሉ ሳይወድ ይሰግድ ነበር። በዓለም ላይ ይህችን ኩርባ ሊሠራ የሚችል፣ ሠርቶም በደንብ ሠራሁ የሚል አንድ ሰው ብቻ ነው።

ኩርባዋ የወንድሜ እጅ ሥራ መሆኗን ስነግረው ፈንታው መሪውን ለቆ አማተበ። «ይቅር ይበሉኝ ማዘር! እጁ ይባረክ! እንዴት ያለች ሰፊ ኩርባ ናት!» እያለ ሲማጸን መኪናው ገና ግማሹ ገደሉ ላይ ነው። ወርጄ ሾላውን ተደግፌ ሳቅኩ። ሆዴን እስኪያመኝ ሳቅኩ። ሞላን ከቀበሩት ወዲህ እንዲህ ቀርቤው አላውቅም።

ስቄ ስጨርስ ነው የደነገጥኩት። እንባዬስ? እዚህ ያልመጣ የት ሊመጣ ነው? አውሮፕላን ላይ ሆኜ ሙሾ አዘጋጅቼ ነበር፤ ቤት የሚመታ፣ ሰም ያለው፣ ወርቅም ያለው። ሾላው ሥር ቆሜ ድምፄን ዝቅ አድርጌ ሞከርኩት። ግጥሙ ደህና ነበር። ዓይኔ ግን ደረቅ። የመምህርቷ ጥያቄ ትዝ አለኝና በልቤ ሰደብኳቸው።

ለዚህ ነው ሰቆጣ ልንገባ ጥቂት ሲቀረን ፈንታው መኪናውን ከዋናው መንገድ ሲያጥፍ ያልተቆጣሁት። የመጨረሻ ናት፣ ውቅር መስቀለ ክርስቶስን ሳያዩ ማለፍ ነውር ነው አለኝ። ደረቅ ዓይን ይዞ እታለም ፊት ከመቆም ነውር ይሻላል ብዬ ዝም አልኩት።

ከአንድ አለት የተፈለፈለ ቤተ ክርስቲያን ነው። ቄሱ ባርኔጣዬን አይተው ለባዕድ በሚነገርበት ድምፅ፣ ቀስ እያሉና እየጮኹ «ይህ። አንድ። ድንጋይ። ነው» አሉኝ። በጎኑ ባለው ዋሻ ውስጥ የጥንት የዋግ ገዢዎች ሬሳ በሣጥን አለ፤ ሳይፈርስ የደረቀ። ልጅ ሆነን ስናጠፋ እናታችን «ለእነሱ ነው የምሰጥሽ» እያለች ታስፈራራን ነበር። ለባላባት ፍቅር እንደሌለኝ መቼም መናገር አያስፈልገኝም። ተማሪ ሳለሁ መሬት ላራሹ እያልኩ ጉሮሮዬ እስኪዘጋ የጮህኩ ሰው ነኝ። እንደ ታሪክ አዋቂ እጄን ወደ ኋላ አጣምሬ፣ በትንሽ ንቀት ቀረብኩ።

ቄሱ ጧፉን ከፍ አደረጉ። ከአንዱ ሣጥን ጨርቁ ተገልጦ እግር ወጥቷል። አውራ ጣቱ ወደ ውስጥ ጎብጧል።

ሞላን ልጅ ሳለ በቅሎ ረግጣው አውራ ጣቱ እንዲህ ጎብጦ ቀረ። ማታ እግራችንን ወደ እሳቱ ስንዘረጋ ያቺን ጣት እነካካበት ነበር፤ «ተያት፣ ተኝታለች» ይለኛል። ያቺው ጣት ናት። ያው ቀለም፣ ያው ጥፍር።

ከዚያ በኋላ ያደረግኩትን የማውቀው ፈንታው ስለነገረኝ ነው። ባርኔጣዬ ወደቀ። ያ በአውሮፕላን የደከምኩበት ሙሾ የት እንደገባ አላውቅም፤ ከአፌ የወጣው ኽምጣንጛ ነው፣ ያውም ሴቶቻችን የሚያለቅሱበት ኽምጣንጛ፣ ማንም ያላስተማረኝ። ደረቴን መታሁ። ጸበል የመጡ ሁለት ሴቶች ጩኸቱን ሰምተው ገቡና፣ የእኛ ሰው ለቅሶ ሰምቶ መቼ ቆሞ ያያል፣ ጎንና ጎኔ ሆነው አብረው ዋይ አሉ። ትንሽ ካለቀሱ በኋላ አንደኛዋ የሞተው ማን ነው አለችኝ። ወንድሜ አልኳት። ወደ ሣጥኑ ዞራ የዘመናት አቧራ የለበሰውን ባላባት አየች፣ ወደ እኔ ዞራ ሽበቴን አየች፣ እጄንም ይዛ «አይዞሽ እናቴ፣ ቆይተዋል እኮ» አለችኝ። ቄሱ ፈንታውን ወደ ጥግ ስበው «የማን ዘር ናቸው?» ብለው ጠየቁት። እሱም የሚለው ቢጠፋው «ቱሪስት ናቸው» አላቸው።

አለቀስኩ፤ ጨረስኩት። የፌርማታውን፣ የዚያን ሁሉ ዘመን። ሲያልቅ ፊቴን ታጠብኩ፣ ባርኔጣዬን አራገፍኩ፤ ከዝናብ በኋላ እንደሚሆን ሜዳ ቀለል አለኝ። ፈንታውም መሪው ላይ ተደፍቶ ያለቅሳል። እንዲያውም በሩን ሲከፍትልኝ «ይግቡ እማዬ» አለኝ። ማዘር ቀረች። ሰቆጣ ከሩቅ ስትታይ ነው አንድ ነገር የገባኝ፦ እንባዬን ይዤ እንድመጣ ታዝዤ፣ መንገድ ላይ አፍስሼ ጨርሼዋለሁ።

ፀሐይ ዘንበል ብላለች። ከከተማው መግቢያ፣ ባሕር ዛፉ ሥር፣ ሴቶቹ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ከጧት ጀምሮ ቆመዋል። ፈንታው የቱሪስትና የሙሽራ ልማዱ አልለቀው ብሎ ክላክሱን ደስ በሚል ዜማ ነፋው። በዋይታ ሊቀበሉን አፋቸውን የከፈቱት ሴቶች አፋቸውን እንደ ከፈቱ ቀሩ። ወረድኩ። ነጠላዬ አሁንም የፎቶው እንደሆነ ነው፤ እዚያው ፊታቸው ላይ ገለበጥኩት። ሁሉም የሚያዩት አንድ ቦታ ነው፤ ዓይኔን።

አፌን ከፈትኩ። ድምፄ ተዘግቷል። ዓይኔን ጨፈንኩ፣ ከፈትኩ፤ የለም። የእናቴን ሞት አሰብኩ፣ የአባቴን አሰብኩ። የጨነቀው ምን አይሞክር! በዓለም ላይ አሳዛኝ ተብለው የተጻፉትን መጻሕፍት ሁሉ በየተራ በልቤ አገላበጥኩ። አንዲት ጠብታ የለችም። ከኋላ አንዲት ሴት፣ እንድሰማት አድርጋ፣ «አላልኳችሁም?» አለች።

እታለምን ያኔ አየኋት። ትንሽ ሆናለች። ያቺ ትልቅ እህቴ በትር ይዛ፣ ጎብጣ፣ ፊቷ አመድ መስሎ ቆማለች። «አላልኳችሁም» የተባለው ለእሷ ነው፤ ሰምታዋለች። በትሯን ጣለች፣ መጥታ ራሴን ያዘችና ትከሻዋ ላይ ደፋችው፣ ነጠላዋንም በሁለታችን ላይ ጣል አደረገች። ነጠላው ውስጥ ጨለማ ሆነ። በጆሮዬ «አልቅሺ» አለችኝ።

አልቆብኛል አልኳት።

«ምኑ?»

«እንባው። ውቅር ላይ አለቀ።»

«ውቅር ምን ልትሠሪ ሄድሽ? ለማን አለቀ?»

ዋሽቼ ባመልጥ ደስ ይለኝ ነበር። ግን ነጠላ ውስጥ፣ አፍንጫ ለአፍንጫ ሆኖ፣ ታላቅ እህትን መዋሸት አይቻልም። «ለባላባቱ» አልኳት። ስለ ጣቱ፣ ስለ ሴቶቹ፣ አንዷም ቆይተዋል እኮ እንዳለችኝ በሹክሹክታ ነገርኳት። እታለም ትንፋሿን ዋጠች። ከዚያ ቀስ ብላ እንዲህ አለችኝ፦

«አባታችን ማር ሲገብርላቸው ነው የጎበጠ። አንቺ መሬት ላራሹ ብለሽ ጮኽሽ፣ ታሰርሽ፣ ተሰደድሽ፣ በሰው አገር አረጀሽ። መጨረሻ ላይ ይህን ሁሉ መንገድ መጥተሽ፣ እንባ ገበርሽላቸው?»

ትከሻዋ መንቀጥቀጥ ጀመረ። መጀመሪያ ያለቀሰች መሰለኝ። አይደለም፤ ትስቃለች። አፏን አንገቴ ላይ ደፍና፣ ድምፅ እንዳይወጣት ነክሳኝ ትስቃለች። እኔም ተሸነፍኩ። ሁለት አሮጊቶች ነጠላ ውስጥ ተቃቅፈን ስንንቀጠቀጥ መሬት ላይ ቁጭ አልን። ከውጪ ያለው ሰው ያየው ይህን ብቻ ነው። ዋይታው ሰማይ ነካ። «ኧረ ያዟቸው! ኧረ ልባቸው ይቆማል!» ይባላል። ያቺው አላልኳችሁም ያለችው ሴት ድምፅ ከሁሉ በልጦ «ሞላዬ፣ እህትህ መጣችልህ!» እያለ ሲጮህ ሰማሁ። የእታለም ሳቅ የት ላይ እንደታጠፈ አላውቅም፤ ብቻ አንገቴ እርጥብ ሆነ፤ ሰውነቷም ሌላ ዓይነት ሆነብኝ። ያኔ ዝም ብዬ ያዝኳት።

ንፍሮው ተበልቶ፣ አመሻሽ ላይ ሰው ሲበተን ያቺ ጎረቤት መጥታ እታለምን ጉልበቷን ሳመች። እንዲህ ያለ ለቅሶ በዕድሜዋ አላየችም፤ ፈረንጅ አገር ኖራ እንዲህ ወንድሟን የምታለቅስ እህት አላየችም፤ ለአፏ ይቅርታ ጠየቀች። እታለም እንደ ዳኛ በግርማ ሰማቻት፣ ይቅርም አለቻት። እኔ መሬት መሬት አያለሁ።

ብቻችንን ስንቀር ነጠላዋን አጣጠፈችና ያ ሹፌርሽ ነገ በጧት ይምጣ አለችኝ። ወዴት ልትሄጂ ነው አልኳት።

«ውቅር።»

«ልትጎበኚ?»

«ምን እጎበኛለሁ! ማሩስ ተበልቷል፤ ይቅር። የሞላን እንባ ግን አስመልሼ ነው የምመጣ።»